ስንቴ ጋራዥ እንደገባች ማን ይቁጠር?

እህቴ መኪናዋን የገዛችው አምና ጥር ላይ ነው። አዲስ፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር፣ ኤሌክትሪክ። በ2016 ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገዛ ሰው ሌላ ምን ምርጫ አለው? የስንት ዓመት ቁጠባዋን አራግፋ ነው የገዛቻት። ክረምቱ ሲገባ ስክሪኗ ይጠፋ ጀመር። አሁንማ ሳይዘንብም ይጠፋል።

ዘንድሮ አዲስ አበባ የገባሁ ሰሞን አብሬያት ሳለሁ ቸርችል ጎዳና ላይ ሆነ። ከፒያሳ ወደ ለገሃር እየወረድን ነው። ስክሪኑ ድርግም አለ። መልሶ ሲበራ ከላይ እስከ ታች በማስጠንቀቂያ ምልክት ተሞልቷል። መኪናዋ ጉልበት አጣች። ሚኒባሶቹ ከኋላ ክላክሳቸውን ያንባርቃሉ። እህቴ አራቱንም ፍሬቻ አብርታ ዳር ያዘች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍሬኑ ስለያዘ ፈጣሪ ይመስገን።

የሸጠላት ድርጅት ጋ ወሰድናት። የተቀበለን ልጅ ትሁት ነው፣ በሱ አልፈርድም። ኮፈኑን ከፈተ፣ የትንሿን ባትሪ ገመድ ነቀለ፣ ትንሽ ጠብቆ መልሶ አሰረው። ስክሪኑ ጥርት ብሎ በራ።

«ተስተካክሏል እትዬ፣ ይሂዱ።»

«ምን ሆኖ ነው የኔ ወንድም?»

«ሲስተም ነው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ቀን አልተጻፈ፣ ኪሎ ሜትር አልተመዘገበ፣ ምን እንደተነካ የሚናገር ቁራጭ ወረቀት አልተሰጣት። ከዚያ በፊትም በሄደች ቁጥር እንዲሁ ነው የሸኟት።

ብልሽት የትም አለ። እኔን ያንገበገበኝ የወረቀቱ አለመኖር ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ወረቀት እዚያ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። «ሌመን ሎው» የሚባል ሕግ አለ። አዲስ መኪና በተረከብክ በ18 ወር ውስጥ አንድ ዓይነት ብልሽት 3 ጊዜ ተጠግኖ ካልዳነ፣ ወይም መኪናዋ በጠቅላላው 30 ቀን ጋራዥ ከቆመች፣ አምራቹ የመጠገን ዕድሉን እንደጨረሰ ይገመታል። ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ ጉድለት ከሆነማ አንዴ ተሞክሮ አለመዳኑ ይበቃል። ለአምራቹ በጽሑፍ ታሳውቃለህ፣ የመጨረሻ ዕድል ይሰጠዋል፣ ካቃተው ገንዘብህን ወይም ሌላ መኪና ትጠይቃለህ። የተጠቀምክበት ይቀነሳል። ፍርድ ቤት ደርሰህ ከረታህ የጠበቃህንም ወጪ ልታስከፍለው ትችላለህ። እንዲህ ዓይነቱን ሕግ የኮኔቲከት ስቴት በፈረንጆች 1982 ጀመረችው፣ ዛሬ በሁሉም ስቴት አለ።

እዚያም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው እያልኩ አይደለም። ያገለገለ መኪና «እንዳለ» የሚል ማስታወቂያ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ከተሸጠልህ ጣጣው የራስህ ነው። አዲስ መኪና ግን አዲስ ነው።

ልብ በሉልኝ፤ ያ ሕግ ባለመኪናውን «የላላው ሽቦ የቱ ነው?» ብሎ አይጠይቀውም። ስንት ጊዜ መጣ፣ ስንት ቀን ቆመ፣ እሱን ይቆጥራል። ለኤሌክትሪክ ብልሽት ከዚህ የተሻለ መላ የለም። ዘይት ቢያፈስ መሬቱ ላይ ይታያል። እርጥበት የገባበት ሶኬት ግን ጋራዥ እስክትደርስ ይደርቅና ደህና ይመስላል። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ኮምፒውተሮቹን የምታነቃው 12 ቮልቷ ትንሽ ባትሪ ናት። ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ እንኳ እሷ ከደከመች መኪናው አይነሳም። እሷን ነቅሎ ማሰር ምልክቱን ያጠፋዋል፤ ለምን ደከመች የሚለውን ማንም አልነካውም። እህቴ «ትናንት ጠፍቶ ነበር» ስትል «አሁን እኮ ይሠራል» ይሏታል። በምን ታስረዳ?

ሕግ የለንም እንዳትሉኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት እንዲጠየቅ ያደርጋል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። 15 ቀን! መኪናዋ በጥር ተገዛች፣ ዝናቡ በሰኔ መጣ። ለብረት ድስት ይበቃ ይሆናል። ለመኪና ግን 15 ቀን ምኑም አይደለም።

ሶማሌ ተራ ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሻን አለ ብለው መከሯት። ሻጩ «ውጭ ካስነካሽ ዋስትናው ይቀራል» አላት። አሜሪካ ከፈረንጆች 1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የዋስትና ሕግ አለ፤ ውጭ ስላስጠገንክ ብቻ ዋስትናህ አይቀርም፣ ብልሽቱን ያመጣው ያ ጥገና መሆኑን ማሳየት የከልካዩ ፋንታ ነው። እህቴ ግን እነሱ አይፈቱላት፣ ሌላ አያስነኳት፣ መሀል ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የዘመድ ምክር ነው። «ዝም ብለሽ በደላላ ሽጫት። በጋ ላይ ማን ያውቃል?» ይህን የሚሏት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ መውጫ ሲጠፋ የቀረው መንገድ እሱ ሆኖባቸው ነው። ግን የሚገዛትስ? ልጆቹን ጭኖ ቸርችልን ቢወርድባትስ? እህቴ እንቢ ብላለች፣ ኮርቼባታለሁ።

ሕጉን የሚያሻሽሉ ሰዎች ለመኪና ለብቻው ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት የሚያካትት ጊዜ ይስጡ፤ የጥገና ቁጥርም ያስቀምጡ። እስከዚያው ለመግዛት የተነሳችሁ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስጽፉ። አንደኛ፣ መኪናዋ ለጥገና በገባች ቁጥር ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የባለመኪናው ቅሬታና የተሠራው ሥራ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይሰጣችሁ። ሁለተኛ፣ ያው ብልሽት 3 ጊዜ ተጠግኖ ከተመለሰ ሻጩ መኪናዋን ይቀይር። ሻጩ አልጽፍም ካላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ሻጭ ሞልቷል።