«ለእናትሽ እንዳትነግሪ»

ባለፈው መስከረም የልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ማታ ለስብሰባ ጠራ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። አንዲት ፖሊስ ልጆችን ለንግድ የሚያጠምዱ ሰዎች በስልክ እንዴት እንደሚቀርቧቸው እያስረዳች ነበር። መጀመሪያ በጌም ወይም በኢንስታግራም ይተዋወቋቸዋል። ያሞግሷቸዋል፣ ትንሽ ስጦታ ይልኩላቸዋል። ከዚያ ወደ ሌላ መተግበሪያ ይወስዷቸዋል። «ለእናትህ እንዳትነግር የሚል ሰው ከመጣ ልጃችሁ እየታደነ ነው» አለች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእህቴ ልጅ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ደወለችልኝ። ዕድሜዋ 16 ነው። «አክስቴ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» አለችና ስክሪንሾት ላከችልኝ።

የሚጽፍላት ሰው ፎቶው የሴት ነው፤ «እህቴ» እያለ ነው የሚያናግራት። ሪያድ የቤት ሥራ አለ፣ ቪዛና ትኬቱን እኛ እንችላለን፣ ሠርተሽ ትከፍያለሽ ይላል። ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ፎቶም አለ፤ ከሥሩ «ክፍልሽ» ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷ «ገና 16 ዓመቴ ነው» ብላ ጽፋለች። መልሱ «ችግር የለም፣ መታወቂያው ላይ 23 እናደርገዋለን» ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ደርሰሽ ብር ስትልኪላት ትደሰታለች» ይላል።

ያንኑ ቃል በሦስት ሳምንት ውስጥ በሁለት ቋንቋ ሰማሁት።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የመጀመሪያው መልእክት ነው። «አክስትሽ አሜሪካ ናት አይደል? ፎቶሽን እሷ ገጽ ላይ አየሁት» ይላል። እውነቱን ነው። ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስታልፍ ደስ ብሎኝ ፎቶዋን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዩኒፎርም ለብሳለች፤ የትምህርት ቤቱ ስም ደረቷ ላይ ይነበባል። ሙሉ ስሟንም ጽፌያለሁ። እዚህ የልጄ ትምህርት ቤት የእሱን ፎቶ ከመለጠፉ በፊት በየዓመቱ ፎርም ልኮ ያስፈርመኛል። ለእህቴ ልጅ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። ለእናቷ እንኳ አልነገርኳትም። በስደት ያለን ሰዎች አገር ቤት ያሉትን ልጆች የምንለጥፈው በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ደላላው ግን ከዚያ ላይ ስሟን፣ ከተማዋን፣ ክፍሏን አገኘ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጭ አገር ዘመድ እንዳላት አወቀ። ሄዶ የተሳካለት ዘመድ ያላት ልጅ መሄድን ቶሎ ታምናለች።

እኔ ልጅ ሳለሁም ደላላ ነበር። ነገር ግን ደላላው በበር ነው የሚገባው። ቡና ይፈላለታል። አባቴ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ ዘሩን ይቆጥራል። አታሎ ቢገኝ ቤተሰቦቹ በሽማግሌ ይጠየቃሉ። ይህም ቢሆን ብዙ ልጆችን አላዳነም፤ ከሰፈራችን ሄደው የቀሩ አሉ። ቢያንስ ግን እናት የሰውየውን ፊት አይታለች። ዛሬ ደላላው ልጅቷ ትራስ ሥር ካለው ስልክ ነው የሚገባው። እናቷ ጎን ተኝታ።

ጉዞው ካለቀ በኋላም ስልኩ አይለቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቢቢሲ ዓረብኛ ኩዌት ውስጥ ባደረገው ምርመራ የቤት ሠራተኞች በኢንስታግራምና በሌሎች መተግበሪያዎች እንደ ዕቃ ሲሸጡ አሳይቷል። ከተሸጡት አንዷ ከጊኒ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። የእህቴን ልጅ የሚያህል ልጅ። በሊቢያ በኩል የሄዱትን ደግሞ አጋቾቹ ሲገርፏቸው እየቀረጹ ማስለቀቂያ እንዲከፈል ለቤተሰብ ይልካሉ።

ሕግ የለም አይባልም። በሰው መነገድን የሚከለክለውና አገራችን የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ «ፈልጌ ነው የሄድኩት» ቢል እንኳ ፈቃዱ ነጋዴውን ነፃ አያወጣውም ይላል። በሰው መነገድን የሚከለክል የራሳችንም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ። ልዩነቱን ያየሁት ለመጠቆም ስሞክር ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በኢንተርኔት በልጆች ላይ ስለሚፈጸም የወሲብ ብዝበዛ ጥቆማ የሚቀበል ብሔራዊ ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሕግ ደግሞ የመተግበሪያ ኩባንያዎች በሕፃናት የወሲብ ንግድ ላይ የሚያውቁትን ለዚህ ማዕከል እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ይህ ሁሉ እያለም እዚህ ልጆች ይጠመዳሉ፤ ፖሊሷም የመጣችው ለዚሁ ነው። የሐይቁን መልእክት ግን ለመተግበሪያው ጠቆምኩ፣ «ደንባችንን አልጣሰም» የሚል መልስ መጣልኝ። አማርኛውን ያነበበው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። እህቴ ስክሪንሾቱን አሳትማ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ ተመዝግቦላታል።

ፎቶዋን አጠፋሁት። ከእህቴ ጋርም ተነጋገርን። እህቴ ማንበብ አትችልም። ስልኩን እንቀማት ብንል ደግሞ ልጅቷ የሚመጣላትን ደብቃ ታያለች፤ የተረፈችውም ስለጠየቀች ነው። ስለዚህ ከማታውቀው ሰው የመጣውን ሁሉ ቡና ሲፈላ ለእናቷ ጮክ ብላ እንድታነብ ተስማማን። ያለ ቁጣ፣ ያለ ምርመራ።

ባለፈው እሑድ ስደውል ቡናው ላይ ነበሩ። አዲስ መልእክት መጥቶላት እያነበበች ነው። ዱባይ፣ ሕፃን መጠበቅ፣ ጥሩ ደመወዝ። እህቴ ሲኒውን አስቀመጠችና ጠየቀቻት፦

«የማን ልጅ ነው?»

«አይታወቅም፣ እማ።»

«እንግዲያ ጠይቂዋ።»

ልጅቷ ጻፈች። መልስ አልመጣም።