ለቆራጦቹ ትኬት ቆራጮች

ትኬት መቁረጥ ድሮ የአንድ ጊዜ ሥራ ነበር። ቢሮ ትሄዳለህ፣ ትከፍላለህ፣ ትኬትህ ይቆረጣል፣ ትሄዳለህ። በቃ። የቃሉ ሙሉ ትርጉም የገባቸው የዛሬዎቹ ናቸው። እነሱ ትኬት ሲቆርጡ የምር ይቆርጣሉ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለውን ሰማይ እንደ ቅርጫ በሬ አምስት መደብ ያደርጉትና እያንዳንዱን መደብ ከሌላ ርካሽ አየር መንገድ ይገዙታል። ቆራጭ ብቻ አይደሉም፤ ቆራጦችም ናቸው። እስካሁን የሚገባቸውን ምስጋና ስላላገኙ ዛሬ እኔ ከመቀመጫዬ ልነሳላቸው ነው።

አንዱ ወዳጄ ነው። ስሙን አልጠራም። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የምንጠጣበት ቤት ውስጥ «ኢንጂነሩ» እንለዋለን። የተማረው ሌላ ነው። ናፕኪን ላይ የበረራ መስመር ሲነድፍ ያየው ሰው ግን ሌላ ስም አይመጣለትም።

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካን አገር ቤት ልዋል አለ። ከዋሽንግተኑ ዳላስ ኤርፖርት ተነስቶ የትም ሳያርፍ ቦሌ የሚገባው አውሮፕላን ደርሶ መልስ 1,450 ዶላር ነበር። 23፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ዋጋው ውስጥ አሉ። መንገዱ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ስትነቃ «ቀበቶ እሰሩ» ይሉሃል።

ኢንጂነሩ ዋጋውን አይቶ ሳቀ።

«ይሄ ለሞኝ ነው» አለ።

ከዚያ ናፕኪን ጠየቀ። ከዲሲ ኒውዮርክ በአውቶቡስ። ከኒውዮርክ ለንደን ጋትዊክ። ከጋትዊክ ስታንስቴድ፣ እሱም በአውቶቡስ። ከስታንስቴድ ኢስታንቡል። ከኢስታንቡል ሻርጃ። ከሻርጃ ዱባይ በታክሲ። ከዱባይ ቦሌ። የበረራው ሁሉ ደርሶ መልስ ተደምሮ 1,010 ዶላር። 440 ዶላር ትርፍ! ናፕኪኗን እንደ አራስ ልጅ እየተቀባበልን አየናት። አንዱማ ፎቶ አነሳት።

«አውቶቡሱስ?» አልኩት።

«አውቶቡስ ትኬት አይባልም።»

«ሻንጣውስ?»

«ሻንጣ ሌላ ርዕስ ነው።»

ያን ቀን ነው የቁጠባ ምስጢር የገባኝ። ዋጋ የሚቀንሰው ርዕስ በመቀየር ነው።

አንዷ ልጅ ደፍራ «ቀጥታው አይሻልም?» አለችው። «ቀጥታ የምትይው ራሱ ሲመለስ ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ያርፋል» ብሎ አፏን አዘጋት። ውሸት አልተናገረም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ አሜሪካ ድረስ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ ለመነሳት ይቸገራል። ወንበርህ ላይ እንደተቀመጥክ ነዳጅ እስኪቀዳ መጠበቅና ሁለት ሻንጣ ይዞ ለንደንን በአውቶቡስ መዞር አንድ ነገር መሆናቸው ግን እኔ አልታየኝም ነበር። ኢንጂነር አይደለሁማ።

የእነዚህን ሰዎች ውለታ ስቆጥር መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጂኦግራፊ ነው። ትምህርት ቤት ያላስተማረንን አስተማሩን። ጋትዊክ ከለንደን በስተደቡብ ነው፣ ስታንስቴድ በሰሜን ምሥራቅ። ሁለቱም «ለንደን» ተብለው ይሸጣሉ። መሐላቸው ያለችው ራሷ ለንደን ናት። «ፓሪስ» የሚባለው ቦቬ ከፓሪስ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ፍራንክፈርት» የሚል ስም የተለጠፈበት ሃን ደግሞ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አቆጣጠር ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባ ናት ማለት ነው። ኢስታንቡል ላይማ ከአንዱ ኤርፖርት ወደ ሌላው ለመሄድ አህጉር ትቀይራለህ። ሳቢሃ ጎክቼን እስያ በኩል ነው፣ ትልቁ አዲሱ ኤርፖርት አውሮፓ በኩል። በቀጥታ በረራ የሚሄደው ምስኪን ይህን ሁሉ ሳያውቅ ይሞታል።

ሁለተኛው ውለታቸው ነፃነት ነው። እስከ መድረሻህ በአንድ ትኬት ስትሄድ የአየር መንገዱ ጥገኛ ነህ። የመጀመሪያው አውሮፕላን አርፍዶ ሁለተኛው ቢያመልጥህ በሚቀጥለው የማሳፈር ግዴታው የእነሱ ነው። ሻንጣህን እንኳ አንተ አትነካትም፤ ዳላስ አስረክበሃት ቦሌ ትቀበላታለህ። ይህ ለቆራጥ ሰው ውርደት ነው። የተለያየ ትኬት የያዘ ሰው በየኤርፖርቱ ፓስፖርቱን አስመትቶ ይወጣል፣ ሻንጣውን ራሱ ከቀበቶው ላይ ያነሳል፣ ራሱ ይጎትታል፣ እንደገና ይሰለፋል፣ እንደገና ያስመዝናል። የመጀመሪያው አየር መንገድ ሁለተኛው እንዳለ አያውቅም። ሁለተኛው ደግሞ ለምን እንዳረፈድክ ግድ የለውም። ካውንተሩ ሲዘጋ ተዘጋ ነው፣ ገንዘብህም እዚያው ይቀራል። ማንም ባለዕዳህ አይደለም። ከዚህ በላይ ምን ነፃነት አለ?

ይህ ጎራ የራሱ ሰማዕታትም አሉት። ሰር ፍሬዲ ሌከር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1977 ከጋትዊክ ኒውዮርክ በ59 ፓውንድ ማመላለስ ጀመረ። ምግብ የፈለገ ይገዛል። ሕዝቡ ተሰለፈለት። በ1982 ድርጅቱ ከሰረ። የአይስላንዱ ዋው ኤር ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር ድረስ መጥቶ ከ99 ዶላር ጀምሮ ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2019 ድንገት ሥራ አቆመ። ተሳፋሪው ቦርዲንግ ፓሱን እንደያዘ ኤርፖርት ቆሞ ቀረ። እኔ ብሆን ከዚያ በኋላ እፈራ ነበር። ቆራጥ ሰው ግን አንዱ አየር መንገድ ሊከስር ይችላል ሲባል አምስት ይይዛል።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ረቡዕ ማታ አውቶቡስ መሳፈሪያው ድረስ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ማታ ከኒውዮርክ የሚነሳው አውሮፕላን አራት ሰዓት ዘገየ። ዓርብ፣ ስቅለት ቀን፣ ጋትዊክ ደርሶ ሻንጣዎቹን አውጥቶ በሩጫ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። በዚያ ዓመት የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ አንድ ቀን ነው የዋለው፣ ሚያዝያ 12። እንግሊዝ በሙሉ ለበዓል መንገድ ላይ ነበረች። ስታንስቴድ ሲደርስ የኢስታንቡሉ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ነው። እሱ ሲያመልጥ የሻርጃውም አመለጠ። የሻርጃው ሲያመልጥ የዱባዩም። እንደ ጸሎት መቁጠሪያ አንዱ ሲሳብ ሁሉም ተከተለ። በበዓል የተነሳ ወንበር የተገኘው ለእሁድ ንጋት ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ልታነሱብኝ ትችላላችሁ። ተረቱን የፈጠረው ሰው ቆጥ ላይ በ49 ዶላር የሚሸጥ ኢስታንቡል አላየም።

ሁለት ሌሊት ስታንስቴድ አደረ። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ አገር ቤት ጾም ሲገደፍ፣ እሱ ካርቶን አንጥፎ ወለል ላይ ተቀምጧል። ቤተሰብ በቪዲዮ ደወለ። እናቱ ድስቱን ከፍተው ዶሮውን አሳዩት። እንቁላሉን በጭልፋ አውጥተው አሳዩት። መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ፣ ዶሮው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ወዳጄ ከማሽን ባወጣው የአይብ ሳንድዊች ፈሰከ።

ንጋት ላይ ጌቱ ጋ የሆነውን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ በኩራት። የእጅ ሻንጣ መለኪያ የብረት ሳጥን አለች። ሻንጣህ እሷ ውስጥ ካልገባች ትከፍላለህ። ወዳጄ ለዚህ ተዘጋጅቷል። ሦስት ሹራብ ደርቧል። በላዩ ላይ ለአጎቱ የተገዛውን ካፖርት ለብሷል። የካፖርቱ ኪሶች በቫይታሚን ተሞልተዋል፤ ሲራመድ እንደ ጸናጽል ይንኳኳል። ሻንጣዋን ሳጥኗ ውስጥ ከተታት። አንድ ጎማ አልገባም አለ። በጉልበቱ ገፋው። ገባ! ዞር ብሎ ሠራተኛዋን በድል አያት።

«አሁን አውጣት» አለችው።

አልወጣችም። ጎተተ፣ አልወጣችም። ከኋላው የተሰለፉ ሁለት ፈረንጆች መጥተው አንዱ ሳጥኗን አንዱ ሻንጣዋን ይዘው ሲያላቅቁ ጎማው ተገንጥሎ ቀረ። ክፍያው 75 ዶላር ሆነ። ጎማውን ኪሱ ከተተው። «ያለ ጎማው እኮ ልክ ነበረች» ይላል እስከ ዛሬ።

ሻርጃ ሲደርስ ከትልልቆቹ ሻንጣዎች አንዱ የለም። የሰው አደራ ያለበት መጥቷል፣ የራሱ ልብስ ያለበት ቀርቷል። ሠራተኛው በትሕትና መዘገበለት። «ሲገኝ ሻርጃ እናመጣልሃለን» አለው። ወዳጄ «የምሄደው አዲስ አበባ ነው» ቢለው፣ ልጁ ትኬቱን አገላብጦ አየና «እዚህ ላይ አዲስ አበባ የሚል የለም» አለው። እውነቱን ነው። የዚያ አየር መንገድ ዓለም ሻርጃ ላይ ያልቃል።

እዚህ ላይ የቆራጦቹን ትልቁን ሙያ ሳልጠቅስ ባልፍ እበደላለሁ። እሱም ምክር ነው። አምስት ቀን መንገድ ላይ የቆየ ሰው ሌላውን ከመምከር አይቦዝንም። አንድ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ካናዳ ሊሄድ ሲል ኢንጂነሩ በስልክ መከረው፤ እስከ ሮም አንድ ትኬት፣ ከሮም ሌላ። ልጁ የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ኢንጂነሩ ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዘ ቆይቷል፤ ያን ጊዜ እንግሊዝ ለመግባት በስልኩ 16 ፓውንድ ከፍሎ ፈቃድ መጥቶለት ነበር፣ ቱርክና ኤምሬትስ በር ላይ ዝም ብለው ያሳልፉታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ሸንገን በሚባሉት የአውሮፓ አገሮች ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነው። ልጁ የካናዳ ቪዛ ስላለው ከዚያኛው ይድናል። ሮም ወጥቶ ሻንጣውን አንስቶ እንደገና ሊያስረክብ ግን ጣሊያን መግባት አለበት፤ ለዚያ ሙሉ ቪዛ ይፈልጋል። ቦሌ ካውንተሩ ላይ መለሱት። ሁለቱም ትኬት ተቃጠለ። ገንዘቡን ያዋጡት ዘመዶቹ ናቸው። ኢንጂነሩ ስለዚህ ጉዳይ ስንጠይቀው ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፣ ከዚያ «በኢስታንቡል ቢያደርገው ኖሮ» አለ።

የራሱን ሒሳብ ያወጣችው እህቱ ናት። ሌሊት ሥራ ላይ ሆና በስልክ አዳዲሶቹን ሦስት ትኬቶች የቆረጠችለት እሷ ስለሆነች፣ የተመታውም የእሷ ካርድ ስለሆነ መብቷ ነው። አዲሶቹ ትኬቶች 615። ሻንጣ፣ ለመሄጃው ብቻ፣ 240። ጌቱ ላይ 75። አውቶቡሶቹ 75። የሻርጃው ታክሲ 24። የእንግሊዝ ፈቃድ 21። ድምሩ 1,050 ዶላር። መመለሻው ገና አልተነካም። ታናሽ ወንድሙ ቅዳሜ መኪና ተከራይቶ ቦሌ ሄዶ ባዶውን የተመለሰው፣ ሰኞም እንደገና የተከራየው፣ እናትየው ሁለት ሌሊት ያልተኙት ሒሳቡ ውስጥ የለም። እነዚህ ሌላ ርዕስ ናቸው።

ሰኞ ማታ ገባ። ዶሮው ለሦስተኛ ጊዜ ሞቀ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ። እንኳን ደህና መጣህ ተባለ። ወዳጄ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ ናፕኪን ጠየቀ። ናፕኪን ስላልነበረ የእህቱ ልጅ ከደብተሯ አንድ ገጽ ገነጠለችለት። ጋትዊክን ሳለ፣ ስታንስቴድን ሳለ። 440 የሚለውን ሁለቴ ከበበበት። ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዱ «አይ ጭንቅላት!» አለ።

እናቱ ወረቀቱን ተቀብለው አራቅ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ከአሜሪካ ቀጥ ብሎ እዚህ የሚመጣ አውሮፕላን የለም እንዴ?»

«አለ እማዬ። እሱ ለሞኝ ነው።»

እናቱ ወረቀቱን መልሰው ሰጡትና ከላይ እስከ ታች አዩት። የታናሽ ወንድሙን ሱሪ ነው የለበሰው። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል።