ለጋሹ ሦስቴ ተቀየረ፣ በሩ ግን ያው በር ነው

በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን 2017፣ ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ አንድ ትእዛዝ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ቆመ። ወሬው ደሴ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቁጭ ካልክ ከአንዱ ጠረጴዛ «ፕሮጀክቱ ተዘጋ» ሲባል ትሰማለህ፤ ከሌላው ጠረጴዛ ደግሞ «እኛም ደብዳቤ ደርሶናል»። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ደሴ ቢሮ፣ ኮምቦልቻ መጋዘን የከፈተው ድርጅት ብዙ ነበርና፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት በየቀኑ የሚወጣና የሚወርደው የሠራተኛ ሰርቪስም በዚያው ሰሞን ሳሳ።

ሥራዬ ጥብቅና ነው። ከያዝኳቸው ፋይሎች አብዛኞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅምና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጉዳይ። ሁለቱን አብሮ የሚይዝ ሰው አንዳንዴ ይከብደዋል። ትናንት መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቅኩለት ድርጅት ዛሬ በራሱ ዘበኛ ሊከሰስ ይችላል፤ ለሁለቱም መቆም አልችልም፣ የሙያው ሥነ ምግባርም አይፈቅድም። ያን ጊዜ አንዱን ወደ ባልደረባ እልካለሁ። እዚህ የማወራው ስለ አንድ በእኔ እጅ ስለቀረ ጉዳይ ነው።

ከሥራ የተሰናበቱ አንድ የመጋዘን ጠባቂ አባት ደረጃዬን ቀስ ብለው ወጥተው ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ፊደሉ ብዙም አይገባኝም፤ አንተ እየው» አሉኝ። ውስጡ ስድስት የቅጥር ውል አለ። እያንዳንዱ የአንድ ዓመት፣ እያንዳንዱ «ለፕሮጀክቱ ቆይታ ብቻ» የሚል። በስድስት ዓመት ውስጥ ገንዘብ የሚሰጠው ለጋሽ ሦስቴ ተቀይሯል። እሳቸው የሚጠብቁት የኮምቦልቻ መጋዘን በር ግን ያው በር ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ውል መካከል ሁለት ሳምንት ክፍተት አየሁና፣ «አባባ፣ ያኔ ዕረፍት ወጥተው ነበር?» አልኳቸው። «የት እወጣለሁ? ዕቃው ሜዳ ላይ ይደር?» አሉ። የዚያ ሁለት ሳምንት ደሞዝ አልተከፈላቸውም። በ2014 ከተማው ሲያዝ፣ ሌላው ሠራተኛ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ ቁልፉን ይዘው የቀሩትም እሳቸው ናቸው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የቅጥር ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መቅጠር የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር የፕሮጀክት ውል ሁሉ ማጭበርበሪያ አይደለም። ሐይቅ አካባቢ ለተፈናቃዮች መጠለያ ለስድስት ወር የውሃ ቦቴ የሚያስተባብር ባለሙያ በእርግጥም ለዚያ ሥራ ነው የተቀጠረው፤ ሥራው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ድርጅቱ እስካለ ድረስ የማይጠፋ ሥራን ግን በየዓመቱ አዲስ ወረቀት እያስፈረሙ «ጊዜያዊ» ማሰኘት አይቻልም። አዋጁ ከሚሰጠው ያነሰ መብት የሚሰጥ ውልም ዋጋ የለውም።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። የአባባ ደሞዝ 6,000 ብር ነው፣ በቀን 200። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። ስለዚህ 6,000 እና አምስት ጊዜ 2,000፣ በድምሩ 16,000 ብር። ስንብቱ በሠራተኛ ቅነሳ ወይም ድርጅቱ በመዘጋቱ ከሆነ የ60 ቀን ደሞዝ ይጨመራል፤ 12,000። ድምሩ 28,000 ብር ሆነ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር። ይህም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ነበረበት። እሳቸው የተሰጣቸው የመጨረሻ ወር ደሞዝና አንድ ገጽ የምስጋና ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ጥሩ ወረቀት ላይ ነው የታተመው።

ጡረታውስ? በአዋጅ 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11፣ በድምሩ 18 በመቶ በየወሩ ይገባል። ለአባባ አንድም ወር አልገባም። የድርጅቱን ኃላፊ ስጠይቀው፣ «ደሞዛቸው እንዳይቀንስ ብለን ነው» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው። ሠራተኛውም አንዳንዴ «አይቆረጥብኝ» ይላል፤ ወጣት ባለሙያዎች በተለይ ይህን ይወዱታል፣ ጡረታ የአያቶቻቸው ጉዳይ ይመስላቸዋል። እኚህ ሰው 58 ዓመታቸው ነው። ቢገባላቸው ኖሮ 60 ሲሞሉ የወር ጡረታ ለማግኘት የሚያስፈልገው 10 ዓመት ባይሞላም ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ፣ ያገኙ ነበር። አሁን ግን ለስድስቱ ዓመት የሚታይ መዝገብ እንኳ የላቸውም።

ኃላፊዎቹ የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ፤ «ለጋሹ ለስንብት አይከፍልም፣ ሕጉ ደግሞ የአስተዳደር ወጪን 20 በመቶ ላይ ገድቦታል»። ገደቡ እውነት ነው፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እንዲህ ይላል። ግን ያው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው፤ የአስተዳደር ሠራተኛ ደሞዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ እያለ ይዘረዝራል። (ዝርዝሩ ውስጥ የጥብቅና ክፍያ ከቅጣት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አልተቀየምኩም።) የእርዳታ እህል ያለበትን መጋዘን የሚጠብቅ ሰው ደሞዙ የፕሮጀክት ወጪ ከሆነ፣ ከደሞዙ ጋር የሚመጣው ስንብትና ጡረታ በየት በኩል ሌላ ወጪ ይሆናል? ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ነው መግባት ያለበት። ለአባባ በየወሩ ይቀመጥ የነበረው በመጀመሪያው ዓመት 500 ብር፣ ከዚያ በኋላ ወደ 167 ብር ነው። ለአንድ ወርክሾፕ ከሚቀርበው የታሸገ ውሃ ዋጋ ያንሳል። ይህን ቁጥር ፕሮፖዛሉ ውስጥ ጽፎ የተከለከለ ድርጅት እስካሁን አልገጠመኝም፤ የገጠሙኝ ሳይጽፉ «አይፈቀድም» የሚሉት ናቸው።

ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። የከተማችን ቅሬ (ሌላው ዕድር የሚለው) ድንኳኑንም ድስቱንም የሚገዛው ሰው ሳይሞት ነው፤ ወር በገባ ቁጥር ይዋጣል። በድርጅቶቹ ቦርድ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች፣ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ሼኾችና ቀሳውስት ደግሞ ብዙዎቹ ራሳቸው የቅሬ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ናቸው። በቅሬው አምስት ብር የጎደለበትን ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚጠይቅ ገንዘብ ያዥ፣ ቦርድ ላይ ሲቀመጥ የሠራተኛ ዕዳ የሚባል መስመር የሌለበትን በጀት በሻይና በዳቦ ያጸድቃል። ክፋት የለበትም። ማንም አልነገረው፤ እኛ ጠበቆችም የምንጠራው ክስ ሲመጣ ነው፣ በቅጥሩ ቀን የሚጠራን የለም። እውነት ለመናገር ክሱ የበለጠ ስለሚከፍል ብዙም አልጮኽንም።

ገንዘብ በድንገት ለሚቆምበት ቀንም አዋጁ መንገድ አለው። አሠሪው ባላጠፋው የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቋረጥ ከሆነ ውሉን ማገድ ይችላል፤ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፣ ምክንያቱ ከታመነበት እግዱ እስከ 90 ቀን ይሄዳል። የታገደ ውል አልሞተም፤ ሦስት ወር ሌላ ለጋሽ ለመፈለግ፣ ካልተገኘም በሥርዓት ለመለያየት ይበቃል። ባለፈው ዓመት እኔ ጋ ከመጡት ጉዳዮች ይህን ያደረገ አንድም አሠሪ አላየሁም።

የአባባን ክስ የምንጀምረው ጊዜ ተሻምተን ነው። ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ከዚያ በኋላ መክሰስ አይቻልም፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም፤ ይህንንም አያውቁም ነበር። የመጡት በአምስተኛው ወር መጨረሻ ነው። «ለምን ዘገዩ አባባ?» ስላቸው ኪሳቸው ገቡና ሦስት ቁልፍ የታሰረበት ገመድ አውጥተው ከፌስታሉ አጠገብ አስቀመጡት።

«የሚረከበኝ ሰው ይመጣል ብለውኝ እየጠበቅሁ ነበር።»