ይድረስ ለክቡር ሁለተኛው ራውተር

ጉዳዩ፦ ያለ ሥልጣንዎ አድራሻ ስለማደልዎ

ክቡር ሆይ፣

የባሕር ዳር ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ ሰፈር ሽምብጥ በሚያዝያ ሰው እንኳ ከጥላ አይወጣም። እርስዎ ግን ቆርቆሮ ሥር ሆነው ቀን ከሌት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ትጋትዎ ላይ ቅሬታ የለንም።

ሲመጡ የተሰጠዎት ሥራ ግልጽ ነበር። የሳሎኑ ራውተር ጉልበቱ ሰርቪስ ቤት አይደርስም። መሐል ላይ የብሎኬት ግድግዳ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮ፤ ሞገድ ደግሞ ብረት ሲገጥመው ይመለሳል። ሰርቪስ የሚያድረው ወንድሜ የፖሊ ተማሪ ነው። አሳይመንት ለመላክ ጣና ዳር ካፌ ወርዶ ስፕሪስ ያዛል። የስፕሪሱ ወጪ ነው እርስዎን ያስገዛን።

እርስዎ ግን ገና ሶኬት ላይ እንደተሰኩ አባወራ ሆኑ። አድራሻዎ? 192.168.1.1። የሳሎኑስ? እሱም 192.168.1.1። ከፋብሪካ ይዛችሁት የመጣችሁት ነው፤ የሚለቅ ጠፋ። ይባስ ብሎ ዲኤችሲፒ የሚባለውን ሥልጣንም ያዙት። ስልክ በገባ ቁጥር ‹‹ቁጥርህ ይኸው፣ መውጫው በእኔ በኩል ነው›› ይሉታል። ስልኩ የዋህ ነው፣ ያምናል። በእርስዎ በኩል ግን መውጫ የሚባል ነገር የለም!

እማዬ አረብ አገር ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ እያወራች ሳለ የእህቴ ፊት አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ። ‹‹ምነው ልጄ፣ ተቀየምሽኝ?›› ትላለች እማዬ። የዋይፋዩ ምልክት ግን ሙሉ ነው። ሥሩ በደቃቅ ፊደል ‹‹ኢንተርኔት የለም›› ይላል።

ከሳሎኑ የመጣው ገመድ ዋን የሚለው ቀዳዳ (ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት) ላይ ይሰካ የሚል ምክርም መጥቷል። አድራሻዎ ከተቀየረ በዚያም ይሠራል። ግን የራስዎን መንግሥት፣ ማለትም የተለየ ኔትወርክ፣ ይመሠርታሉ፤ ሳሎን ያለ ስልክ የወንድሜን ፕሪንተር ሊያገኘው አይችልም። እርስዎን ደግሞ ለመንግሥትነት አላሰብንዎትም።

ስለዚህ ተወስኗል። ገመድዎ ይነቀላል፤ ከላፕቶፕ ጋር ለብቻዎ ይቀመጣሉ። ዲኤችሲፒዎ ይጠፋል። አድራሻዎ 192.168.1.2 ይሆናል፤ የሳሎኑም ይህን ቁጥር ለማንም እንዳያድል ይነገረዋል። ከዚያ ገመዱ ከእሱ ላን (የቤት ዕቃዎች የሚገናኙበት ቀዳዳ) ወደ እርስዎ ላን ይገባል፤ ዋን ቀዳዳዎ ባዶውን ያድራል። የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ከሳሎኑ ጋር አንድ ነው። ቻናል (የሞገድ መስመር) ግን እሱ 1 ላይ ስላለ እርስዎ 6 ወይም 11 ይያዙ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይነካኩም። ቅንብርዎ የሚከፈትበት የመግቢያ ቃልም ‹‹አድሚን›› መሆኑ ይቀራል። በበር የሚያልፍ ባለባጃጅ ሁሉ ይገምተዋላ!

አንዳንድ ስልክ የሳሎኑን ደካማ ምልክት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ሰርቪስ ድረስ ይመጣል። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው ስልኩ ነው። ለእሱ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍለታል።

ከኋላዎ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ሕፃን በመርፌ ከነካት ሁሉን ረስተው እንደገና አባወራ እንደሚሆኑም እናውቃለን። ቦታዎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሳሎኑ ራውተር (እንዳይኮራ)
ለእማዬ (ልጅሽ አልተቀየመችም)