ማን አንሳ አለህ?

አባቴ በስልክ የተቆጣኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያውም ስላነሳሁ።

በኛ ቤት የሚስኮል ሕጉ የታወቀ ነበር። አንዴ ጮሆ ከተዘጋ «በሰላም ደርሻለሁ» ነው። ሁለቴ ከሆነ «በር ክፈቱ»። ሦስቴ ከሆነ «ነገር አለኝ፣ እናንተ ደውሉ»። እኔ ያን ቀን በእንቅልፍ ልቤ አነሳሁትና «አቤት?» አልኩ። «ማን አንሳ አለህ? በላህብኝ እኮ!» ብሎ ጠረቀመው። ማታ ሲገባም አኩርፎ ነው። እናቴ አስታረቀችን፤ በባለ 25 ብር ካርድ።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ ነው፣ በኛው አቆጣጠር። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈርሞ ከኤርትራ ጋር የነበረው የጦርነት ነገር ካበቃ ወዲህ ወሬው ሁሉ ከግንባር ወደ ግንባታ ዞሯል። ቀለበት መንገድ ተዘረጋ። ቦሌ አዲስ ተርሚናል ተከፈተ። መስታወት የለበሱ ፎቆች በየቦታው በቀሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዲሽ ተተከለ፤ አክስቴም የእንግሊዝኛ ፊልም በዐረብኛ ጽሑፍ እያየች፣ ሁለቱንም ሳታውቅ አለቀሰች። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ሞባይሉ ነው።

ከዚያ በፊት በሰፈራችን ስልክ ያለው ቤት አንድ ነበር። ስልኩ ሳሎን ጥግ፣ የራሱ ጠረጴዛ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። መደወያው ላይ ቁልፍ አለበት። ቁልፉ እትዬ ጡት ውስጥ ነው። ሲደወልልህ ልጃቸው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ትፈለጋለህ! ከዱባይ ነው!» ይላል። አንተ እስክትደርስ ሰፈሩ ማን እንደደወለ አውቋል፣ ለምን እንደደወለም ገምቷል። ስታወራ እትዬ አጠገብህ ቁጭ ብለው ፈትል ይፈትላሉ። ወሬው ደስ ካሰኘ ይስቃሉ፣ ካሳዘነ ያለቅሳሉ። ሚስጥር ብሎ ነገር አልነበረም። ውሸትም እንደዛው፤ ስልኩ በሽቦ ስለታሰረ የት እንዳለህ ያውቃል።

ሞባይል ውሸትን ከሽቦ ፈታት። መገናኛ ላይ ታክሲ የሚጋፋው ሰው «ሜክሲኮ ደርሻለሁ፣ እየተሻገርኩ ነው» ይላል። ወያላው ጆሮው ሥር «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ማንም አያፍርም።

አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎቱ በ1991 ሲጀመር የባለገንዘብ ነበር። ቀበቶ ላይ ይታሰራል። እንዳይሸፈንበት ብሎ በክረምት ኮት የማይለብስ ሰው አውቃለሁ። ቀስ በቀስ ወደኛም ወረደ። ቀፎው ወረደ ማለቴ ነው፤ ካርዱ አልወረደም። ሚስኮል የተወለደችው በዚህ ክፍተት ነው።

በዚያ ላይ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ። እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ያህል፣ አልተከፈተም። ሕዝብ መላ አያጣም፤ ሚስኮልን ፊደል አደረጋት። ፍቅረኛሞች ከመተኛታቸው በፊት አንዴ ያስጮሃሉ፤ «አስቤሻለሁ» ነው። ከተጣሉ ሲጮህ ያነሱታል። ካርድ መብላት ነዋ፣ በቀል ነው።

ደረጃም ነበራት። ልጅ ለአባቱ ያደርጋል፤ አባት ለልጁ አያደርግም፣ እኛ ቤት ካልሆነ። ሠራተኛ ለአለቃው አይደፍርም። ወንድ ለሚጀነጅናት ልጅ ካደረገ አለቀለት። ወንድሜን አንዷ የተወችው በዚሁ ነው። «እየደወለ የሚዘጋ ሰው ሽማግሌ ልኮም ይቀራል» አለችው አሉ። እውነቷን ነው።

ውጭ ዘመድ ያለው ደግሞ ሚስኮሉን ውቅያኖስ አሻገረ። ቨርጂኒያ ያለው ያጎቴ ልጅ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በ251 የሚጀምር ቁጥር ሲያይ ልቡ ትወድቃለች። እየተንቀጠቀጠ የስልክ ካርዱን ይፍቃል፣ ያን ሁሉ ቁጥር ይመታል።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም። ሰላም ልንልህ ነው። እዛ ስንት ሰዓት ነው?»

ትልቁ ክርክር የተነሳው ግን ዕድር ላይ ነው። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጎህ ሳይቀድ እየዞሩ የሟችን ስም ይለፍፉ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ግማሹ አባል ጀሞ፣ ግማሹ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባ። ጥሩምባው እዛ ድረስ አይሰማም። ስለዚህ ለጸሐፊው ሞባይል ተገዛ። ለካርድ ግን በጀት አልተያዘም።

ስብሰባ ተጠራ። አንዱ «ሞት በሚስኮል ይነገር፣ አራቴ ይጩህ» አለ። ሌላው «ለአባል አራት፣ ለቤተሰብ ሦስት» ብሎ አሻሻለው። ቃለ ጉባኤ ያዡ ይህን በጥሞና ጻፈ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ጸሐፊው አራት ጊዜ አስጩኸው ሰላም ሊሉኝ ቢፈልጉስ? እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልውጣ?»

ከኋላ አንዲት እናት ቀጠሉ። «ማን እንደሞተ ለማወቅ መልሰን ልንደውል ነው? በገዛ ካርዳችን?»

ጉባኤው አጉረመረመ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ሚስኮል ለስብሰባና ለወርኃዊ መዋጮ። ለሞት ጸሐፊው በአፋቸው ይናገሩ፤ ነገር ግን ከአንድ ደቂቃ አይለፉ። ጸሐፊው ውሳኔውን ከተጠየቁት በላይ አከበሩ። ሰላምታ ተዉ። «እትዬ እንትና አርፈዋል። ስድስት ሰዓት። ጴጥሮስ ወጳውሎስ።» ጥርቅም። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ለማለት እንኳ ፋታ የለም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የሚያለቅሰው አባሉ ብቻውን ነው።

እኛም ዕጣ ወጣልን። በ1997 ከ400 ሺህ ሰው በላይ ተመዝግቦ ነበርና እናቴ ስማችን የወጣበትን ጋዜጣ ሳመችው። አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ግቢው ውስጥ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት ተሠርቶ ነበር። ያሰበው ሰው ይባረክ። የነዋሪው ኮሚቴ ግን ለግሮሰሪ አከራየው። በፋሲካ በጋችን ከኛው ጋር ደረጃ ወጣ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለገመ። አባቴ ይገፋል፣ እኔ እጎትታለሁ፣ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት በር ከፍተው «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ። ይሉኝታ ነው። በጉ ገባ።

እናቴን ያስቸገራት ቡናው ነው። ድሮ ቡናው ሲታመስ እኔን ትልከኛለች፤ አጥር ላይ ሆኜ «ቡና ጠጡ» እላለሁ፣ ሰው ይመጣል። አሁን አራት ፎቅ የሚወርድላት ልጅ ጠፋ። እሷም ሁለቴ ማስጮህ ጀመረች። ምድር ያሉት ጎረቤት ይሰሙና ይመጣሉ። አንድ ቀን ግን ሴትዮዋ መልሰው ደወሉ። ከካርዳቸው ከፍለው ማለት ነው። እናቴ ደንግጣ አነሳች።

«አቦል ነው ቶና?» አሏት።

ለቶና አራት ፎቅ አይወጣማ።

ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ስለ ባለ ሁለት አኃዝ እድገት ይነግረን ነበር። አላደግንም አልልም፤ ፎቁም መንገዱም ቆሟል፣ እኛም አራተኛ ላይ ነን። ሚሊኒየሙንም አከበርን። ብላክ አይድ ፒስ ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ በዋዜማው ዘፈነ። 2000 ሳይገባደድ ግን የጤፍ ዋጋ ሰማይ ነካ። እናቴ ዜናውን እየሰማች ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

«እድገትስ ደውሎልን ነበር» አለች፤ «ልናነሳው ስንል ዘጋው።»

አባቴ ከጋዜጣው ቀና አላለም። «መልሰን እንድንደውል ፈልጎ ነው።»

«በማን ካርድ?»

አባቴ ዛሬ ስማርት ስልክ አለው። ወርኃዊ ጥቅሉን የምገዛለት እኔ ነኝ፤ በየወሩ ደቂቃው ሳያልቅ ይቃጠላል። ባለፈው እሑድ ሊጠይቀኝ መጣ። ስልኬ ሁለቴ ጮሆ ተዘጋ። ወርጄ ከፈትኩለት።

«አባዬ፣ ደቂቃ እኮ ሞልቶሃል። ለምን አታወራም?»

ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«ለበር?»