ጎማው ይቅጠን፣ ቸርኬው ይስፋ!

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና ይድረሰው። ከፋብሪካ 14 ኢንች ቸርኬ ይዛ የመጣችን ቪትዝ 17 አስጠልቆ ከከዚራ ሳቢያን የሚያንሸራሽር ጎበዝ ባይኖር ድሬዳዋ ምን ውበት ነበራት? ሞተሯ አንድ ሊትር ነው፣ ጉልበቷ 70 ፈረስ ገደማ። ቢሆንስ? ቸርኬው ያበራል አቦ!

የጥበቡ ረቂቅነት ሂሳቡ ላይ ነው። 175/65 ባለ 14 ጎማ (ስፋቱ 175 ሚሊ፣ ጎኑ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች) ከታች እስከ አናቱ ሲለካ 583 ሚሊ ሜትር ነው፤ 195/40 ባለ 17 ደግሞ 588። መኪናዋን ከፍ የሚያደርገው የልዩነቱ ግማሽ ስለሆነ «አሁን ከፍ ብላልኛለች፣ ጉድጓድ አልፈራም» የሚለው ባለቤት የሚያወራው ስለ 2 ሚሊ ከምናምን ነው። በልዋጩ የጎማው ጎን ከ114 ሚሊ ወደ 78 ወርዷል። 36 ሚሊ ላስቲክ ሰጥቶ 2 ሚሊ ከፍታ መቀበል! እንዲህ ያለ ንግድ ታይዋን ገበያም ታይቶ አይታወቅ።

ታሪካችንም ይደግፈዋል። በፈረንጆቹ 1902 ድሬ የገባው፣ ከተማዋን የወለዳት ባቡር እግሩ ብረት ብቻ ነበር። እኛም ላስቲኩን ዓመት በዓመት እያሳነስን ወደ ዘራችን እየተመለስን ነው። ስስ ጎማ የጉድጓድ ከንፈር ሲመታ ጎኑ በቸርኬው ጠርዝና በአስፋልቱ መካከል ይጨፈለቃል፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፣ እብጠት ይወጣል። ይህ በልጥፍ አይድንም፤ ጎማው መጣል አለበት። ደጉ ጎሚስታ ግን መላ አያጣም፦ «እብጠቱን ወደ ውስጥ አዙሬ ልግጠምልህ»። ከዚያ ወዲያ ማንም አያየውም። ሹፌሩም ጭምር።

በውድድር ሜዳ የሚነዱት ሰዎች ግን ያሳዝኑኛል። በፈረንጆቹ 1989 የወጣችው ማዝዳ ሚያታ ከፋብሪካ 185/60 ባለ 14 ነበራት። ለውድድር ሲያዘጋጇት ብዙዎቹ ቢበዛ አንድ ኢንች ጨምረው 205/50 ባለ 15 ያደርጉላታል፣ በቃ። ፍሬኑን ሳይነካ ከሚያልፈው ውስጥ ትንሹንና ቀላሉን ቸርኬ መርጠው ገንዘባቸውን ጥሩ ላስቲክ ላይ ያፈሳሉ። ፎርሙላ ዋን እንኳ እስከ 2021 በ13 ኢንች ሲንቀራፈፍ ቆይቶ 18 ላይ የደረሰው በ2022 ነው። እኛ ከ14 ወደ 17 ለመሻገር ጠዋት ጀምረን ለበርጫ እንደርሳለን።

እነሱ ቸርኬ የሚያሳድጉት ትልቅ ፍሬን ማስገባት ሲፈልጉ ነው። እኛ ፍሬኑን እንዳለ ትተን የኋላውን ታምቡር ቀይ ቀለም እንቀባዋለን፤ በዚያ ሰፊ ቸርኬ መሃል ትሪ ላይ እንደቀረች አንድ ሳምቡሳ ብቻውን ይታያል። ቸርኬው ከነጎማው ብዙ ጊዜ በያንዳንዱ እግር አራት አምስት ኪሎ ይጨምራል። ከደንገጎ ዳገት ቁልቁል ሲወረድ ያን ሁሉ የሚያቆመው ያቺው ሳምቡሳ ናት።

ስፋቱ ደግሞ ለብቻው ውዳሴ ይገባዋል። የፋብሪካው ቸርኬ ስፋት 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (መታሰሪያው ከቸርኬው ስፋት መሃል ወደ ውጭ የራቀበት ሚሊ) 45 ከሆነ፣ 7.5 ስፋትና 30 ኦፍሴት ያለው ሲገጠም ጠርዙ 40 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል። ያኔ ፓራፋንጎው በመዶሻ ይታጠፋል፣ ኩሽኔታው ያለ ዕድሜው ይጮኻል፣ መሪው በየጉድጓዱ እጅ ይነጥቃል። ባለቤቱ ይህንን «ስፖርት ሆነች» ይለዋል።

የመሃል ቀዳዳው ነገርማ አይነሳ። የቪትዝ ሞዞ፣ ቸርኬው መሃሉን የሚያስቀምጥበት እምብርት፣ 54.1 ሚሊ ነው፤ ለሁሉም እንዲሆን የተሠራው ቸርኬ ብዙ ጊዜ 73.1። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ሳይገባ ቸርኬው በዳዶዎቹ ብቻ ይንጠለጠልና ከ80 በላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ባላንስ ይሠራለታል፣ እርሳስ ይለጠፍበታል፣ ይንቀጠቀጣል። ዳዶው እንደ ቸርኬው መቀመጫ ሾጣጣ መሆን ሲገባው ከድሮው ቸርኬ የተፈታው ጠፍጣፋ ይታሰርበታል። ቶዮታ በ103 ኒውተን ሜትር ይታሰር ይላል፤ የእኛ ልክ ቁልፉ ላይ የገባ ቱቦና ቱቦው ላይ የቆመ ልጅ ነው።

ንፋስ ላይም ሳይንስ አለን፦ «የድሬ ሙቀት ያስፋፋዋል» ተብሎ ከሚገባው ዝቅ አድርጎ 25 ይሞላል። የጎደለው ጎማ ግን ጎኑ አብዝቶ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ይበልጥ ያግለዋል፣ በቀትር ፊቱ ተገንጥሎ የሚሄደውም ለዚህ ነው። 195/40 ባለ 17 ደግሞ ብዙ ጊዜ 81 የጭነት ቁጥር ያለው ነው፤ 462 ኪሎ ማለት ነው። የድሮው 82 ሆኖ 475 ይሸከም ነበር። የጎደለው ጉልበት ሳይበቃ ንፋሱንም እንቀንስለታለን።

አዲስ ነው ተብሎ በጥቁር ቀለም ያበራ ጎማ ሲገዛ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ማንበብም ነውር ነው። 2319 ካለ የተሠራው በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ 2011፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል። በዚያ ላይ መፎከር የሚችለው ሻጩ ብቻ ነው።

ሐረር ላይ የቀሩት አሮጌ ፔጆ ታክሲዎች ይህ ሁሉ ሥልጣኔ አልፏቸዋል። ያችኑ ጠባብ፣ ጎነ ረጅም ጎማ ይዘው እየተንገዳገዱ ይሠራሉ። ምስኪኖች።

መካከለኛ ነገር ካላገኘሁ ለሚል ፈሪ 185/55 ባለ 15 አለለት፤ ቁመቱ 584 ሚሊ፣ ጭነቱ ያው 82፣ ጎኑ 102 ሚሊ። ቸርኬው 6 ኢንች ስፋት፣ ኦፍሴቱ 40 አካባቢ፣ ቀለበት ገብቶበት። ይኸው ፈሪ ጎማው ሳይግል በሾፌሩ በር ላይ የተጻፈውን ንፋስ ይሞላል፣ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላም ዳዶዎቹን እንደገና ያጠብቃል። ከዚራ ሲያልፍ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።