በስውር ታነባላችሁ፣ በአደባባይ ትንቃላችሁ

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ነን። የእህቴ ልጅ የሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። «መመረቂያ ጽሑፍሽ በምን ላይ ነው?» ብለው ጠየቋት። «በድሮ የወንጀል ልብ ወለዶች ላይ» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዷ ጎረቤታችን «ውይ ልጄ፣ ለዚህ ነው እንዴ እስከዚህ የተማርሽው?» አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ስኒዎቹን ሰብስባ ጓዳ ገባች።

ያ ሳቅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ የባሕር ዳር ልጆች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ያቺው የሳቀችው ጎረቤቴ እኮ በልጅነታችን አብራኝ መጽሐፍ ትከራይ ነበር! ኪራዩ ለአንድ አዳር ነው። ጠዋት ካልመለስን ሌላ ቀን ይቆጠርብናል። እናም መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ጨርሰነው እናድራለን። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳያውቅ የሚተኛ አልነበረም። ያን ጊዜ ልባችንን ያንጠለጠለው ነገር ዛሬ ሲጠና በምን ምክንያት ነው መሳቂያ የሚሆነው?

ከዚህ በጀልባ ዘጌ የማታውቁት አገር አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት እዚያ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ይባላል። ርዕሱም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ውስጡ ምን አለ? ጦርነት አለ። ምርኮ አለ። ለባርነት የሚሸጥ ወጣት አለ። ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ እህት አለች። ወንድ መስላት የምታፈቅራት ሌላ ሴት አለች። ይህ እኮ ሲያነቡት እንቅልፍ የሚነሳ የጀብዱና የፍቅር ታሪክ ነው። እሱ ክፍል ውስጥ ሲሰጥ ማንም አይስቅም። በ2001 ዓ.ም. ዴርቶጋዳ የተባለው ልብ ወለድ ሲወጣስ? የጣናን ገዳማት ከስለላ ጋር ያገናኘ ታሪክ ነው ብላችሁ የተሻማችሁት እናንተው አይደላችሁም?

ጥናቱ ቀላል የሚመስለው ካለ ደግሞ ይሞክረው። ቶዶሮቭ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ መርማሪ ታሪክ ሲጽፍ፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ታሪኮች አሉ አለ። አንዱ የወንጀሉ፣ ሌላው የምርመራው። የወንጀሉ ታሪክ ምርመራው ሳይጀመር አልቋል። ስለዚህ ደራሲው ያለቀውን ነገር ወደ ኋላ እየሄደ፣ እየደበቀ፣ በትንሽ በትንሹ ይገልጥላችኋል። የቱን ደበቀ? የት ገጽ ላይ ፍንጭ ጣለ? እስኪ ከእናንተ አንዱ ቁጭ ብሎ ይልቀመው። አንድ ሳምንት አይበቃውም።

ሌላም አለ። ኦኒቻ በምትባል የናይጄሪያ ከተማ ገበያ ላይ ቀጫጭን የፍቅርና የምክር መጻሕፍት ይቸረቸሩ ነበር። ምሁሩ ኢማኑኤል ኦቢቺና ንቀው አላለፏቸውም። አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አወጡባቸው። አሜሪካዊቷ ጃኒስ ራድዌይ ደግሞ የፍቅር ልብ ወለድ የሚያነቡ ሴቶችን ለምን ታነባላችሁ ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ ከባልና ከልጅ ጣጣ ለራሳቸው የሚሰርቁት ጊዜ ያ ንባብ እንደሆነ ነገሯት። ይህ ስለ መጽሐፍ ብቻ ነው? ስለ እናቶቻችንም እኮ ነው።

የእህቴ ልጅ አንዱን መጽሐፍ አሳይታኛለች። ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹ አራት ቅጠሎችም የሉም። ጀርባው በጆንያ መስፊያ ክር ተሰፍቷል። ገጽ 63 ላይ አንዱ በእርሳስ «ገዳዩ ሾፌሩ ነው» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ «አንተ ምቀኛ! ለምን ትናገራለህ?» ብሎ መልሶለታል። ስንት ሰው እጅ እንደገባ ከወረቀቱ ማዕዘን ታዩታላችሁ፤ ጠቁሮ ለስልሷል። እኔ እሱን ይዤ ዝም ብዬ ቆየሁ።

ሁሉም ግሩም ነው አላልኩም። በጥድፊያ የተጻፈ አለ፣ ከውጭ የተገለበጠም አለ። ግን የቱ የቱ እንደሆነ ማን ነው የሚነግረን? አንብቦ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ደግሞ ያን ሰው ገና ሲጀምር በሳቅ አሸማቀቃችሁት።

ልጅቷ አሁን ያለባት ችግር መጻሕፍቱን ማግኘት ነው። የ11 መጻሕፍት ዝርዝር ይዛ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ሁሉ ዞራ ያገኘችው 4 ብቻ ነው። «ተራ ነገር» እያልን ስኳር መጠቅለያ አደረግናቸው። እባካችሁ፣ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ጎትታችሁ አውጡ። ቆጥ ላይ ያለውንም አራግፉ። ሽፋን ባይኖረውም አትጣሉት።

አንቺም ጎረቤቴ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለችውን ሻንጣ አውቃታለሁ። መልሰን ያልሰጠናቸው ሁለት የኪራይ መጻሕፍት እዚያ ውስጥ ናቸው። ቅዳሜ ከልጅቷ ጋር እንመጣለን። ቡናውን አፍልተሽ ጠብቂን።